አንገቴ ውስጥ የነበረው

መጀመሪያ የሰማሁት እኔ አይደለሁም። አጠገቤ ተቀምጣ ስንዴ የምትለቅመው ሴት ናት የሰማችው።

ያኔ ከሮቤ ወደ ሲናና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ መጋዘን ውስጥ ዘር እንለቅም ነበር። ለዘር የተለየውን ስንዴ ሰፌድ ላይ አፍስሰን ሲናሩን፣ እንክርዳዱን፣ የተሰበረውን ፍሬ በጣታችን እየለቀምን መጣል ነው ሥራው። ጠዋት ያቀረቀረ አንገት ቀና የሚለው ለምሳ ነው። ወሬ ባይኖርበት ኖሮ ማንም አይችለውም ነበር። ያቺ ሴት ደግሞ ወሬ ታውቅበታለች። ሙስሊም ናት፣ ከኔ ጥቂት ትበልጣለች፣ በኦሮምኛ ጀምራ ባማርኛ ትጨርሳለች፣ ስትስቅ ሰፌዷ ይናወጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሃል ወሬ ላይ ዝም አለች። "ምንድን ነው የተሰበረው?" አለችኝ።

"ምንም አልተሰበረም።"

"ካንቺ ነው የመጣው። ካንገትሽ።"

"ጆሮሽን ታከሚ" ብዬ ሳቅኩባት። ቀና ስል ግን እኔም ሰማሁት። ቆሎ መሃል የገባች ጠጠር ጥርስ ስትነካ የምታሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፤ የመጣው ግን ከጥርሴ አይደለም፣ ከማጅራቴ ውስጥ ነው። እሷ "ቢስሚላህ" አለችና በርጩማዋን ትንሽ ፈቀቅ አደረገች። የምታሾፍ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። እያሾፈች አልነበረም።

ቁርጥማት ከያዘኝ ቆይቷል። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ነው የጀመረኝ፤ መጀመሪያ ጣቶቼን፣ ቀጥሎ የእጄን አንጓ፣ ከዚያ ጉልበቴን። ጠዋት ስነሣ እጄ እጅ አይደለም፤ ፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ አንዲት ቁልፍ እንኳ አይቆልፍም። ጣቶቼም እያደር ሁሉም ወደ ትንሿ ጣት ዘመሙ። ብርድ ነው አሉኝ። ባሌ ውስጥ ብርድ ያልተከሰሰበት በሽታ የለም፤ ሆድ ቢነፋ ብርድ፣ ዓይን ቢቀላ ብርድ፣ ሚስት ብታኮርፍ ብርድ። እኔም አመንኩ። ሲብስብኝ ከመድኃኒት ቤት ክኒን እየገዛሁ ዋጥኩ፣ ሲጠናብኝ መርፌ ተወጋሁ፣ ሲሻለኝ ረሳሁት። ይህ ነገር ከጣት ተነሥቶ እስከ አንገት አጥንት እንደሚወጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ያኔ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነበር፣ ሮቤ፣ ሁለታችን ብቻ። አባቷ ከሸዋ መጥተው ጎባ የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ ባሏ ሲሞት ወደ ሮቤ ወረደች። ወንድሜን ገና ትዳር ሳይዝ ቀብራዋለች። ከዚያ ወዲህ እናቴ እግዚአብሔርን የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዝናብ አትለምን፣ ጤና አትለምን፤ "የዚህችን ደግሞ አታሳየኝ፣ እኔን አስቀድመኝ" ነው የምትለው። ልጄ ትሰማኛለች አትልም፣ ጮክ ብላ ነው የምትለምነው። "እማ፣ ቢያንስ እስክተኛ ጠብቂ እንጂ" እላታለሁ። "አንቺ ምን አገባሽ፣ የኔና የሱ ጉዳይ ነው" ትለኛለች።

ድምፁ ከተሰማ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ እሑድ ቅዳሴ አልቆ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙ ተሰልፌ ደረስኩ። ግንባሬን ወደ መስቀሉ ዝቅ አደረግሁ። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ከማጅራቴ ተነሥቶ በጀርባዬ ወርዶ በሁለት ተረከዜ ወጣ። ኤሌክትሪክ ነው እንዳልል ቀዝቃዛ ነው፤ ውኃ ነው እንዳልል ይነዝራል። ጮህኩ። ስቆጣ እንጂ ስጮህ የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ ያን ቀን ግን ግቢው ሙሉ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ጮህኩና ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ቄሱ መስቀሉን እንደ ዘረጉ ቀሩ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ልሳለም ጎንበስ ስል ደገመኝ። በሌላው እሑድ ደግሞ እንዲሁ። "ከመስቀል ፊት ስትደርስ ነው የሚያስጮሃት" ተባለ። ሌላ ምን ይባላል? እኔም ሌላ ሰው ላይ ባየው ይህንኑ ነበር የምለው። እኛ ዘንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚቀርበው ወደ መስቀል ነው፤ መስቀል ፊት የሚጮኸውን ደግሞ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ስንዴው ላይ አቀርቅሬ ስውል ክንዴን ጉንዳን እንደሚወረኝ ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሰፌድ የሚፈራ ጋኔን የለም መቼም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በዛ። ብርጭቆ ይዤ፣ ብርጭቆውን እያየሁት ከእጄ ወረደ። መያዜንም መልቀቄንም እጄ አልነገረኝም። መሬቱ ከእግሬ ሥር ራቀ፤ ስሄድ እብቅ ላይ የምራመድ ይመስለኛል። አንድ ቀን ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ አንድ እግሬ ባዶውን ገበያ ድረስ ሄጄ ሰው ነው የነገረኝ። ባጃጅ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሁለቱም እግሮቼ ላፍታ ይጠፋሉ፤ ከዚያ የት እንደነበሩ ሳይናገሩ ተመልሰው ይመጣሉ። ድምፄ ሻከረ። ስልክ ደውዬ ጤና ይስጥልኝ ስል ማን ልበል የሚሉኝ ወዳጆች መጡ።

አንድ ጠዋት እናቴ ነጠላዬን ስታስተካክልልኝ እጇ ቆመ። "አንገትሽ የት ገባ?" አለችኝ። መስታወት ፊት ሄድኩ። እውነቷን ነው፤ ራሴ ትከሻዬ መሃል ሰምጧል፣ ነጠላው ጆሮዬ ሥር ደርሷል። ሰው በዚህ ዕድሜ ያጥራል እንዴ ብዬ መስታወቱን ወለወልኩት።

ከሁሉ የከፋው ግን ከኋላዬ ሰው መቆሙ ነው። ማጅራቴን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ የያዘኝ ይመስለኛል። ቶሎ ዞሬ እንዳላየው አንገቴ አይዞርም፤ ከነገላዬ ስዞር ደግሞ ማንም የለም። አንድ ቀን ሮቤ መናኸሪያ አካባቢ የጋሪ ፈረስ አጠገቤ ሲደርስ ጆሮውን ጥሎ ወደ ጎን ሸሸ። ባለጋሪው ተሳደበ፣ ፈረሱን ገረፈው፣ ፈረሱ ግን በኔ በኩል ማለፍ እንቢ አለ። ምናልባት ሌላ ነገር አይቶ ይሆናል። እኔ ግን ያን ሰሞን "ምናልባት" የምትባል ቃል ጠፍታብኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። ዓይኔን አልገለጥኩም። እናቴ ራስጌዬ ቁጭ ብላ በሹክሹክታ ታወራለች። ከኔ ጋር መስሎኝ ነበር። ግን እናቴ እኔን አንቱ ብላኝ አታውቅም።

"ማን ልበልዎ?" ትላለች። "ከየት ነው የመጡት? ልጄ ምን በደለችዎ?"

መልስ ትጠብቃለች። ትንሽ ቆይታ፣ ያገሩ ሰው ይሆን እንደሁ ብላ ይመስለኛል፣ ወደ ኦሮምኛ ዞረች። "መቃን ኬሰን ኤኙ?" አለች፤ ስምዎ ማን ይባላል ማለቷ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር፤ በሁለት ቋንቋ፣ ያውም በአክብሮት፣ የማጅራቴን ስም ትጠይቃለች። ሳቄ ግን አልመጣም፣ እኔም መልሱን እየጠበቅኩ ነበርና። ትራሱ ላይ ራሴን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አነቃነቅሁት። ቀጭ አለ።

እናቴ ትንፋሿን ዋጠች። "እሺ" አለች ቀስ ብላ። "እሺ፣ ሰምቻለሁ።" ከዚያ ተነሥታ እሳት ልታያይዝ ሄደች።

የዚያኑ ዕለት "ጠበል እንሂድ" አለችኝ። ተጣላን።

"ጋኔን የለብኝም" አልኳት። "ቢኖርብኝም ካንቺ ይሻላል፣ የት ዋልሽ ብሎ አይጨቀጭቀኝም።"

"ቀልጂ" አለችኝ። "ወንድምሽም እስከ መጨረሻው ይቀልድ ነበር።"

ይህን ካለችኝ ወዲያ እሺ አልኳት። ደግሞ መፍራቱንስ ፈርቼ ነበር። የፈራሁት ጋኔን ይሆናል ብዬ አይደለም፤ ጋኔን ባይሆንስ ብዬ ነው። ጋኔን ከሆነ ይወጣል። ካልሆነ ግን ምን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ የማላውቀው ነገር አንገቴ ውስጥ ተቀምጧል።

ጠበሉ ከጎባ በታች ቁልቁለት ተወርዶ ነው። በጠዋት ደረስን። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ዛፎቹ ግማሽ ግማሻቸው ብቻ ነው የሚታየው፤ የሰው ሳል ይሰማል፣ የሳለው ሰው አይታይም። ውኃው ከድንጋይ ላይ በአሸንዳ ይወርዳል፣ ሰው ተራ በተራ ከሥሩ ይገባል። ቄሱ ይጸልያሉ እንጂ ማንንም አይነኩም። የሚገፋው ዘመድ ነው። የሚያመነታውን፣ የሚንቀጠቀጠውን፣ እንቢ የሚለውን ቤተሰቦቹ ማጅራቱን ይዘው ራሱን ደፍተው ውኃው ሥር ያቆሙታል። ደንቡ እንደዚያ ነው፣ ለሱው ብለው ነው የሚያደርጉት።

ከፊታችን ተራ የያዘችው ሴት ከባሏና ከእህቷ ጋር ከገሰራ የመጣች ነች። እጇን አየሁት። ጣቶቿ ሁሉ ወደ ትንሿ ጣት ዘመዋል። የኔ እጅ ነው፣ ሌላ ሰው ክንድ ላይ። እሷም የኔን አየች። ሰላም አልተባባልንም። አገጯን በመዳፏ ደግፋ ይዛለች፤ ለካ እኔም አገጬን በመዳፌ ደግፌ ነው የቆምኩት። እናቴ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየች "ያው ነው የያዛት" አለች በጆሮዬ። "ያው ራሱ ነው።"

ተራዋ ሲደርስ ሴትዮዋ ወደ ኋላ አለች። "አንገቴን አትንኩኝ" አለች። ይህን ማለቷ ይበልጥ አረጋገጠባት፤ ጠበል የሚፈራው ሌላ ምን ሊል ነው? እህቷ ክንዷን ያዘች፣ ባሏ ማጅራቷን ይዞ ደፋት። ውኃው ወረደባት። አልጮኸችም። ሁለት እግሯ አንድ ላይ ታጠፈና ከገመድ ላይ እንደ ወደቀ ልብስ እዚያው ቁጭ አለች።

"እግሬ የት ሄደ?" አለች። ደጋግማ ትጠይቃለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ቤት ውስጥ ዕቃ ጠፍቶባት የምትጠይቅ ነው የምትመስለው።

ሰዉ እልል አለ። ጥሏት ወጣ ማለት ነው፣ ለቀቃት ማለት ነው። ባሏ በደስታ አለቀሰ። እናቴም እልል አለች። እኔ ግን ከፊት ለፊቷ ነበርኩና ዓይኗን አየሁት። እዚያ ዓይን ውስጥ ከሷ ሌላ ማንም አልነበረም። በሁለት ወገን ብብቷን ይዘው አነሧት፤ እግሯ ጭቃው ላይ እየተጎተተ ጉሙ ውስጥ ገቡ፣ እልልታው ግን ገና አላቆመም።

ቀጣይዋ እኔ ነኝ። እናቴ ነጠላዬን አወለቀችልኝና ቀኝ እጇን ማጅራቴ ላይ አደረገች። እጇ ይሞቃል። "ለአፍታ ነው፣ ልጄ" አለችኝ። ለመሸሽ እግር የለኝም፣ ለመቆጣት ድምፅ የለኝም። እንዳትገፋኝ ብዬ ራሴው ቀስ ብዬ ዝቅ አልኩ። ያን ጊዜ የአንገቴ አጥንት ተንሸራተተ፤ ከቆዳዬ በታች፣ ከጣቶቿ በታች፣ ወደ ፊት ሄደ። እኔ ያንን ብርድ እስከ ተረከዜ አገኘሁት። እሷ ደግሞ በእጇ አገኘችው።

እጇ ቆመ። አልገፋም፣ አልተነሣም። ከዚያ በሌላው እጇ ግንባሬን ይዛ፣ ከታቀፈች ዶሮ ሥር እንቁላል እንደሚያወጣ ሰው ቀስ ብላ፣ ራሴን ቀና አደረገችው። አጥንቱ ተመለሰ፣ መመለሱንም ዳሰሰችው።

"ይህ አጥንት ነው" አለች። ለማን እንደተናገረች አላውቅም።

ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ "ግፊያት እንጂ እናቴ፣ ሊወጣ ሲል ነው የተውሽው" አላት። እናቴ ጠበል ቦታ ላይ ድምፅ ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። "ሂድና የራስህን እናት ግፋ" አለችው። ቄሱ ሰምተዋታል። በኩባያ ውኃ ቀድተው ከቆምኩበት ፊቴን ረጩኝና "ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፣ እሱም የእግዚአብሔር ነው" አሏት።

ከዚያው ወደ ጎባ ሐኪም ቤት ወጣን። ያየን ሐኪም ወጣት ነው፣ ፂሙ ገና አልሞላም። ምን ሆንሽ ሳይለኝ እጄን አገላብጦ አየ። ከዚያ "ስታቀረቅሪ በጀርባሽ የሚወርድ ነገር አለ?" አለኝ። ይህን ለማን ነግሬው ነው የሚያውቀው? "ዕቃ ከእጅሽ ያመልጣል? እግርሽ መሬት የማይረግጥ ይመስልሻል?" እያለ ቀጠለ። አንድ በአንድ፣ ከጎኔ ሲኖር እንደከረመ ሰው። በትንሽ መዶሻ ጉልበቴን መታ ሲያደርገው እግሬ ሳላዘው ተወነጨፈ።

ራጅ ተነሣሁ፤ አንዱን ቀና ብዬ፣ አንዱን አቀርቅሬ። "ማንም እንዳይነካት" አለ ሐኪሙ። "እስክትችለው ድረስ ብቻ፣ ራሷ ታቀርቅር።"

ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አሳየን። እናቴ ፊቷን አስጠግታ አየች። የራስ ቅል ነው፣ ዓይን የሌለው፣ አንገቱን ደፍቶ። "ይህ ልጄ ናት?" አለች። ናት አላት። አማተበችና ጥርሶቹን በጣቷ ተከተለች፤ በስተ ቀኝ ያስነቀልኩት መንጋጋ ጥርስ ቦታው ባዶ ነው። "ናት" አለች። እኔም አየሁት። ሰው ሞቶ ካልተቆፈረ በቀር የማይታየውን እኔ በቁሜ አየሁት።

"የአንገት የመጀመሪያው አጥንት ቀለበት ነው" አለ ሐኪሙ። "ሁለተኛው ደግሞ ወደ ላይ የቆመ ጣት አለው። ጣቱ በቀለበቱ ውስጥ በጅማት ታስሮ ነው የሚቀመጠው። ቁርጥማት ያላችሁት በሽታ ይህን ጅማት በልቶታል። ስታቀረቅር ቀለበቱ ወደ ፊት ይሄድና ጣቱ ሕብለ ሰረሰሯን ይጫነዋል። የሚነዝራት ያ ነው። ራሷም ወደ ታች እየተቀመጠ ነው።"

"ስሙ ማነው?" አለች እናቴ።

"የምኑ?"

"የያዛት።"

"ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል" አላት።

እናቴ ወደኔ ዞረች። "ስሙን ተናገረ" አለችኝ፣ በእፎይታ። ስሙን የተናገረ ይወጣል ማለቷ ነው። ሐኪሙ አልገባውም። እኔ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅኩ፣ በሻከረው ድምፄ፣ አገጬን በእጄ ይዤ።

ከዚያ እናቴ የመጣችበትን ጠየቀች። "ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከኔ ቀድማ ትሄዳለች?"

ወጣቱ ፊልሙን አወረደ። "እንዲሁ ከተተወ፣ እማማ፣ አንድ መንገጫገጭ ወይ አንድ መውደቅ ይበቃል። እግር ብቻ አይደለም፣ ትንፋሽም በዚያው ነው የሚያልፈው። አዲስ አበባ ሄዳ አጥንቶቹ በብሎን ከታሰሩ ግን ትኖራለች። አንገቷ አይታጠፍም እንጂ።"

"አይታጠፍ" አለች እናቴ። "ስግደቱን እኔ እሰግድላታለሁ።"

የገሰራዋን ሴት ነገርነው። ብድግ አለ። "አሁኑኑ አምጧት፣ ስሟ ማነው?" አለን። እናቴና እኔ ተያየን። ስሟን አልጠየቅንም ነበር። እናቴ እኔን ሐኪም ቤት ትታ ባጃጅ ይዛ ወደ ጠበሉ ተመለሰች፤ ሄደዋል አሏት። ዛሬም የገሰራ ሰው ሳገኝ እጠይቃለሁ። እጇ እንደኔ የሆነ፣ እግሯ የማይሄድ ሴት እላለሁ። እንጃ ይሉኛል።

ወደ አዲስ አበባ የሄድነው በአውቶቡስ ነው፣ ሌላ መኪና ከየት ይመጣል? ሐኪሙ ጠንካራ የአንገት መያዣ አስሮልኝ ነበር። እናቴ ግን አላመነችውም፤ "ይህ ፕላስቲክ ነው" አለች። ከኔ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በወንበሬ ግራና ቀኝ እጇን አሾልካ፣ ራሴን በሁለት መዳፏ ያዘች። ከሮቤ ስንነሣ እንደያዘችኝ ዲንሾን አለፍን፣ አዳባን አለፍን። ጉም ነበር፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ይነዳል። ዲንሾ ላይ ከርከሮዎች መንገዱን ሲያቋርጡ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተወረወረ፣ የኔ ራስ ብቻ በቦታው ቀረ። ዞር ብለው የሚያዩን ሰዎች ነበሩ። እናትዬዋ የልጇን ራስ ይዛ ስትሄድ፣ ልጅቱም ዓይኗ ሳይርገበገብ ፊት ለፊት ስታይ ምን እንዳሰቡ እንጃ። አንዲት ሕፃን አይታን አለቀሰችና እናቷ ወደ ኋላ ወንበር ወሰደቻት። ዶዶላ ስንደርስ "ልቀቂኝ፣ ክንድሽ ደነዘዘ" አልኳት። "ክንዴን ለምን እፈልገዋለሁ?" አለችኝ።

ተራ ጠብቄ ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነበር። ስነቃ የመጀመሪያው ነገር ሕመሙ አይደለም። ከኋላዬ ማንም አለመኖሩ ነው። ያ ማጅራቴን ቆንጥጦ የያዘኝ ሄዷል። አብሮኝ ብዙ ከርሞ ነበርና ጀርባዬ ባዶ ሆኖ ተሰማኝ፤ በዓይኔ ፈለግሁት እንኳ ብላችሁ አታምኑኝም።

እግሬ ተመለሰ፣ እጄ በመጠኑ። ለዋናው በሽታም በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ክኒን ተሰጠኝ፣ ዛሬም እውጠዋለሁ። ጣቶቼ እንደ ዘመሙ ቀሩ፣ ጉልበቴም ለመንበርከክ እንቢ እንዳለ ቀረ። ዘር ለቀማው ቀረ፤ የዘር ለቃሚዋ ወዳጄ ግን በየሳምንቱ እየመጣች "እስኪ አሰሚኝ" ትለኛለች፣ ጆሮዋን ወደ አንገቴ አስጠግታ። ምንም አይሰማም። ሰፈሩ አንገተ ደንዳና ይለኛል፣ ድሮም እንደዚያው ነበርሽ ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ሲሰግድ እኔ ብቻዬን ቆሜ እቀራለሁ። እናቴ ግን ቃሏን ጠበቀች፤ የራሷን ሰግዳ ስትጨርስ የኔን ትጀምር ነበር። ቤት ውስጥም ከኋላዬ መጥታ አናግራኝ አታውቅም፣ ዞራ ከፊቴ ቆማ ነበር የምታናግረኝ።

ባለፈው ክረምት ታመመች። ደረቷን ነው የያዛት፣ እንደ ማንኛውም አሮጊት። ሲያስላት ያደረው ደረት ጠዋት ዝም አለ። ፊቷ ላይ ጭንቀት አልነበረም። ለምና ያገኘች ሴት ናት፤ ቀደመችኝ።

ቤቱ በሰው ሞላ። ፍራሹ መሬት ላይ ተዘርግቶ እሷ በላዩ ተኝታለች። ከመገነዟ በፊት ቤተሰብ ይሰናበታት ተባለ። የጎባ ዘመዶቻችን አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ግንባሯን ሳሙ። የኔ ተራ ደረሰ። ፍራሹ አጠገብ ቆምኩ። ጎንበስ ለማለት ሞከርኩ፤ ጉልበቴ አልታጠፈም፣ ወገቤ እስከ እኩሌታው ሄዶ ቆመ፣ አንገቴ እንዳለ ነው። እጄን ዘረጋሁ፣ አየር ነው የነካሁት። ደግሜ ሞከርኩ። ሰዎች ብብቴን ይዘው ሊያወርዱኝ ሲሉ እንዳትሰብሯት የሚል ተነሣ። "እናቴ ናት" አልኳቸው። "እናቴን ሳልስማት አትውሰዱብኝ።" እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ያቺ የዘር ለቃሚዋ ወዳጄ ከሴቶቹ መሃል ነበረች። "ኦል ካሳ" አለች፣ ወደ ላይ አንሧት ማለት ነው።

ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ አራቱ በፍራሹ ዙሪያ ተንበረከኩ፣ በትከሻዋና በወገቧ ሥር እጃቸውን አስገብተው አነሧት። የእናቴ ፊት ከታች ወደኔ መጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ እያለ፣ ከፊቴ እስኪቆም ድረስ። ግንባሯ ከንፈሬ ላይ ደረሰ፣ ቀዝቃዛ ነው። ሳምኳት።

ከዚያ መልሰው አወረዷት። በዓይኔ ልከተላት ፈልጌ ነበር፤ አንገቴ አልወረደም። ከፊቴ ግድግዳው ብቻ ነበር። እሱን እያየሁ "ደረሰች?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ደርሳለች" አሉኝ።